የሕክምና ቡድን መርቶ ወደ ኢትዮጵያ ለአገልግሎት መሄድ፦ መሪው ከጉዞው በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች



በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነርሶችን፥ ሐኪሞችን፥ ፋርማሲስቶችንና ሌሎች በጎ ፈቃደኞችን አሰባስበው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሕክምና አገልግሎት ወደ አገር ቤት ሲልኩ እናያለን። ምናልባት ዘንድሮ የአጥቢያዎ ሽማግሌዎች ቡድኑን እንዲመሩ የጠየቁት እርስዎን ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእርስዎ ነው። ሕክምና ለማስተማር አይደለም፤ እሱን በቡድንዎ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ያውቁታል። መሪው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ሊያደርጋቸው የሚገቡትን ነገሮች ለማካፈል ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቡድን ይዤ ከአንድ ጊዜ በላይ ሄጃለሁ። ከምጽፈው አብዛኛውን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን በደቡብ ኢትዮጵያ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ አምስት ቀን ሠራን። ሰዉ ሰልፍ የሚይዘው ገና ሳይነጋ ነበር። ከመጡት መካከል ዕድሜያቸው በሃምሳዎቹ ውስጥ የሚሆን አንዲት እናት ነበሩ። የመጡት ለራስ ምታት ነው፤ የደም ግፊታቸውን ስለካ በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሐኪማችን መድኃኒት አዘዘላቸው፤ የአንድ ወር ክኒን በትንሽ ፌስታል አድርገን ሰጠናቸው፤ መርቀውን ሄዱ። አብረንም ፎቶ ተነሣን። በዓመቱ ስንመለስ ልጃቸው ፈልጋ አገኘችኝና እናቷ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ እንደዋሉ ነገረችኝ። ክኒኑ ሲያልቅ፥ "ከአሜሪካ የመጡ ሐኪሞች አክመውኛል፤ ድኛለሁ" ብለው ተቀምጠው ኖሯል።

ከቤታቸው በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ጤና ጣቢያ ነበር። እኛ ግን እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች አንድ ቀንም አላነጋገርናቸውም፤ እናትየዋንም "ወደዚያ ይሂዱ" አላልናቸውም። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ ኖሮ ያ ሕመም አይደርስባቸውም ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን የደም ግፊት መድኃኒት ለወር ሰጥቶ መሄድ ሕክምና እንዳልሆነ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። በምሠራበት ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ አላደርገውም። አገር ቤት ሲሆን ለምን አደረግሁት? ይህን ጥያቄ ለእርስዎም እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነው።

የጋበዘዎ ማን ነው?

ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ከተቀመጠ በኋላ በሌሊት ወጥቶ ቅጥሩን ዞሮ አየ፤ "እንሥራ" ብሎ ለሰዎቹ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው (ነህምያ 2፥11-18)። የእኛ ቡድኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቲኬት ከቆረጡ በኋላ ነው "ምን ያስፈልጋል?" ብለው የሚጠይቁት።

በመጀመሪያ አገር ቤት የሚቀበልዎ ተቋም ይኑር። ተቀባዩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሆነ አይበቃም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ትጋብዝዎ፤ ታካሚውን ከእርስዎ የሚረከበው ግን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። በኢትዮጵያ የጤናው አሠራር ከታች ወደ ላይ የተያያዘ ነው፤ በቀበሌ ጤና ኬላ፥ ከእሱ በላይ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና ሌሎቹ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የትኛዋ እናት ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች፥ የየትኛው ቤት ልጅ ክትባት እንዳቋረጠ ያውቃሉ። አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ማውራት የአንድ ወር ዝግጅት ያህል ይጠቅማል።

ከተቻለ ከጉዞው አምስት ወይም ስድስት ወር አስቀድመው ብቻዎን ወይም ከአንድ ሐኪም ጋር ሄደው ቦታውን ይዩ። "ምን እናምጣላችሁ?" ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ ለእንግዳ "ሁሉም ያስፈልገናል" ማለት በአገራችን ደንብ ነው። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ባለፈው ወር በብዛት ያያችሁት በሽታ ምንድን ነው? ፋርማሲያችሁ ውስጥ ዛሬ የትኛው መድኃኒት አለ፤ የትኛውስ ካለቀ ስንት ጊዜው ነው? ሰው ሪፈር ስትሉ ወዴት ትልካላችሁ፤ የመኪናውን ማን ይከፍላል? ከዚህ በፊት የመጣ ቡድን ካለ፥ ከሄደ በኋላ ምን ችግር ተወላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ቶሎ አይመልሱልዎትም፤ ቡና ከተጠጣ በኋላ ይጠይቁ። መልሱንም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በትግራይ የተጀመረው ጦርነትና በ2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ጤና ተቋማትን ጎድተዋል፤ በ2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን ሲያቋርጥ በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የጤና ሥራዎች ተናግተዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት የተሠራ ዝርዝር ዛሬ ላይሆን ይችላል። መንገዱ ሰላም ስለ መሆኑም የተቀባዮችዎን ቃል ይስሙ፤ "አትምጡ" ካሉ ቲኬቱ ቢቃጠልም ይቅር።

ፈቃድ

"አገሬ ነው፤ ወገኔን ለማከም ማንን አስፈቅዳለሁ?" የሚሉ ወንድሞች አጋጥመውኛል። በሚኖሩበት አገር ፈቃድ የሌለው ሰው መርፌ ቢወጋ ምን እንደሚከተል እያንዳንዳችን እናውቃለን። በኢትዮጵያም ከውጭ የመጣ ባለሙያ ለመሥራት ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ጉዳይ ከጤና ሚኒስቴርና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር የሚያልቅ ስለ ሆነ የሚጋብዝዎ ተቋም ደብዳቤ ጽፎ ያስጀምረው። የእያንዳንዱን ባለሙያ ዲፕሎማ፥ የጸና የሙያ ፈቃድና የፓስፖርት ቅጂ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይሰብስቡ። ሰነድ ማረጋገጥ ጊዜ ይፈጃል፤ በመካከሉም በዓል አይጠፋም። የትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሚያስፈልግም ተቀባዩን ተቋምና ኤምባሲውን ይጠይቁ፤ የሌላ ቡድን መሪ "እኛ በቱሪስት ነው የገባነው" ስላለዎት ብቻ አይሂዱ።

መድኃኒቱ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ብዙ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነውና።

ወደ አገር ቤት ጉዞ እንዳለ በቤተ ክርስቲያን ሲነገር ምእመናን ያላቸውን ይዘው ይመጣሉ። የተጋመሰ የሳል ሽሮፕ፥ የሟች አባት የስኳር ክኒን፥ ከሐኪም ቢሮ የተሰጠ የናሙና ፓኬት። ልባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን አይቀበሏቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ በ1999 እና በ2010 አሻሽሎታል። ዋናው ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ልገሳው ተቀባዩ በጠየቀው ላይ ይመሥረት፤ መድኃኒቱ በተቀባዩ አገር ለአገልግሎት የተፈቀደ ይሁን፤ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ ወይም ናሙና አይሁን፤ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይቅረው። ሁለት ወር የቀረውን መድኃኒት መላክ ለተቀባዩ የማቃጠል ሥራ መስጠት ነው። መድኃኒት ማስወገድም በዚያ ወጪ አለው።

ወደ ኢትዮጵያ መድኃኒት ለማስገባት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፋርማሲስትዎ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፥ መጠን፥ ብዛት፥ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ጽፎ ያዘጋጅ፤ ያ ዝርዝር ከመነሣትዎ በፊት በተቋሙ በኩል ይቅረብ። ያለ ፈቃድ በሻንጣ አከፋፍሎ ማስገባት ቦሌ ላይ የሚያስቀር ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለወጣቶቹ መጥፎ ምሳሌ ነው። ለከባድ ሕመም የሚሰጡ እንደ ትራማዶል፥ ኮዴይንና ሞርፊን ያሉትን ያለ ልዩ ፈቃድ ፈጽሞ አይያዙ። በተለይ በዱባይ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እነዚህን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መገኘት ሊያሳስር ይችላል። ይህ ለራስዎ ሕመም የታዘዘልዎንም ይጨምራል።

እኔ አሁን የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ገንዘቡን ይዘው ሄደው መድኃኒቱን እዚያው ከሕጋዊ አከፋፋይ በተቋሙ በኩል ይግዙ። ይህ ሲሆን ሕመምተኛው መድኃኒቱ ሲያልቅበት ያንኑ መልሶ የማግኘት ዕድል አለው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፥ ኤናላፕሪልና አምሎዲፒን በኢትዮጵያ የታወቁ የግፊት መድኃኒቶች ናቸው። ሐኪምዎ በአሜሪካ የለመደውን አዲስ መድኃኒት ትቶ ከእነዚህ መካከል ቢያዝ ጤና ጣቢያው ይቀጥለዋል። ደንባችንም አሁን ይህ ነው፦ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት፥ ሰውዬው ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ሳይጻፍ አንጀምርም። ግፊት፥ ስኳር፥ የሚጥል በሽታ፥ ሁሉም። ለአንዳንድ በጎ ፈቃደኞች "እጄን አስረህ ላክኸኝ" የሚያሰኝ ደንብ ነው፤ ታግሠው ያስረዷቸው።

በመድኃኒት ከረጢት ላይ ስለሚጻፈው ደግሞ አንድ ነገር። ውጭ አገር ያደጉት ልጆቻችን "ጠዋት 8 ሰዓት" ብለው ይጽፋሉ። ለገጠሩ ሰው 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት እንደሚገባቸው አስቀድመው ያስተምሯቸው፤ ማንበብ ለማይችለውም ፀሐይና ጨረቃ ይሥሉለት። የቀጠሮ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ብዙዎቹ የአካባቢው ሰዎች የኦርቶዶክስ አማኞች ወይም ሙስሊሞች ናቸውና "ከምግብ ጋር" ከማለትዎ በፊት ጾም መሆኑን ይጠይቁ። በጾም ወቅት እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ የማይበላ ሰው ጠዋት የሚዋጠውን ክኒን ዝም ብሎ ይተወዋል፤ አይነግርዎትምም።

ዕቃና ጊዜ

በአሜሪካ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያ 220። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ያለ ትራንስፎርመር በተሰካ በደቂቃ ሊቃጠል ይችላል። አንዴ የጥርስ ሕክምና ዕቃ ለማምከን የወሰድነው ማሽን በመጀመሪያው ጠዋት ጭስ አወጣና ቀኑን ሙሉ ዕቃ በብረት ድስት ስንቀቅል ዋልን። ማሽን ለመለገስ ካሰቡ ማን እንደሚጠግነው፥ ወረቀቱና ኬሚካሉ ከየት እንደሚገዛ ካላወቁ አይውሰዱት። በየሆስፒታሉ ጓሮ የቆመውን የልገሳ ማሽን ያየ ሰው ይህን አይረሳም።

ጊዜውን በተመለከተ፥ ብዙ ቡድኖች ትምህርት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ መሄድ ይመርጣሉ። ይህ ለእኛ የሚመች እንጂ ለገበሬው አይመችም፤ ክረምት ነው፥ መንገዱ ጭቃ ነው፥ የእርሻ ሥራም ጊዜ አይሰጥም። ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል፤ መከሩንና የገበያውን ቀን ግን ይጠይቁ።

የቡድኑ አባላት

አሥር ሰው ከሠላሳ ሰው ይበልጣል። ሠላሳ ሰው ለማሳደር፥ ለመመገብና ለማጓጓዝ ተቀባዮቹ ሥራቸውን ትተው ሲሮጡ አይቻለሁ።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ መስመር ያስምሩ፦ ማንም ሰው በሚኖርበት አገር እንዲሠራ ያልተፈቀደለትን እዚያ አይሠራም። የነርስነት ተማሪ ቁስል አይሰፋም፤ ሐኪም ያልሆነ ጥርስ አይነቅልም። "ከምንም ይሻላል" የሚለውን ንግግር አይቀበሉ። ሕመምተኛው ድሃ ስለ ሆነ ሰውነቱ መለማመጃ አይደለም።

አስተርጓሚም ያስቡ። አማርኛ ማወቃችን ሁሉን ቦታ ያደርሰናል ብለን እንሳሳታለን፤ ወላይታ፥ ሲዳማ፥ ሐድያ ወይም ኦሮሚያ ገጠር ገብተው ስለ ማሕፀን ሕመም አንዲትን እናት በአማርኛ ቢጠይቋት መልስ ላያገኙ ይችላሉ። የገዛ ልጇ ወይም የመንደር ጎረቤቷ እንዳያስተረጉምላት ያድርጉ። ምሥጢሯ ነው።

የቡድኑን ጤና ሰዎች ራሳቸው ሐኪሞች ስለ ሆኑ ችላ ይሉታል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድመው ሁሉም የጉዞ ክሊኒክ ይሂዱ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ከተወጋ አሥር ቀን በኋላ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ወባ አያሰጋም፤ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉት ቦታዎች ግን ወባ አለ፥ በ2024ም በአገሪቱ በጣም ጨምሮ ነበር። "እኔ እዚያ ነው ያደግሁት፤ አይነካኝም" የሚል ወንድም አይጠፋም። ለዓመታት ውጭ የኖረ ሰው የነበረው የመከላከል አቅም ይቀንሳል፤ መድኃኒቱን ይውሰድ፥ በአጎበር ይተኛ። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ከወባማው ቦታ ከወጣ በኋላም አራት ሳምንት መቀጠል አለበት፤ ብዙዎች ቤት ሲገቡ ያቆሙታል። በኢትዮጵያ ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ፥ ቫይቫክስ የሚባለው፥ ከወራት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል፤ ስለዚህ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ከኢትዮጵያ መምጣቱን ለሐኪሙ ይንገር።

ሁለት ነገር ደግሞ ከመሪው ቦርሳ አይለዩ። የመጀመሪያው በመርፌ ለተወጋ ባለሙያ የሚሰጥ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፥ ቢቻል በዚያው ሰዓት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ከየት እንደሚገኝ አስቀድመው ከተቋሙ ጋር ይነጋገሩ። ሁለተኛው ታማሚ የቡድን አባልን ለመመለስ የሚያስችል የኢንሹራንስ ወረቀት ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ብርቱ ስለ ሆነ በዚያው ቀን ክትባት ፍለጋ ይኬድ።

ጸሎትና ሕክምና

የምንሄደው በጌታ ስም ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ስብከት የሰሙትን አስቀድሞ ማከም፥ ካርድ ከማውጣት በፊት ትራክት ማደል፥ ይህ ሁሉ የታመመን ሰው ማስገደድ ነው። ልጁ በትኩሳት የተቃጠለበት አባት የምንለውን ሁሉ "እሺ" ይላል። ጌታ ከፈወሳቸው ከአሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር (ሉቃስ 17፥11-19)፤ ዘጠኙም ግን ነጽተው ነበር። ጸሎት ለሚፈልግ ሰው ከሕክምናው በኋላ፥ ለብቻው፥ ጠይቀውት ይጸለይለት።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር በጥብቅ ይከልክሉ፦ የጸለየ ሰው "ድነሃልና መድኃኒትህን ጣል" እንዳይል። የኤች አይ ቪ፥ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዲህ ተብለው ያቋረጡ ሰዎችን በአልጋቸው ላይ ያየን ነን። እግዚአብሔር ፈውሶ ከሆነ ምርመራው ያሳየዋል፤ መድኃኒቱን የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ጊዜዎ አጭር ከሆነ ማስተማርን ያስቀድሙ

ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነበር። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ዶክተር ካትሪን በ2020 በዚያው አዲስ አበባ አረፉ። ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። በወሊድ ተጎድተው በታካሚነት የመጡ የገጠር ሴት ነበሩ፤ ሲረዱ፥ ሲያዩ፥ ሲማሩ ቆይተው ራሳቸው የተከበሩ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ። እኛ ያለን አሥር ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ አንሠራም። ቢሆንም ከአሥሩ ቀን ሁለቱን ለማስተማር መስጠት እንችላለን፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሳይተነፍስ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ለጤና ጣቢያው አዋላጆች ማሳየት፥ የመለማመጃ አሻንጉሊቱንም ትቶ መምጣት። እነሱም ያስተምሩናል፤ ያለ ላቦራቶሪ ወባን ከታይፎይድ ለመለየት ስንቸገር መንገድ ያሳየን የጤና ጣቢያው ባለሙያ ነበር።

ገንዘብና ፎቶ

ሒሳቡን ሁለት ሰው ይያዝ፤ ደረሰኝ ይሰብሰብ። ከተቋሙ ተመድበው አብረዋችሁ ለሚሠሩት የሚከፈል አበል ካለ ከኃላፊው ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ በግል በእጅ መስጠት ከእርስዎ በኋላ በሠራተኞቹ መካከል ቅሬታ ይተዋል። ፎቶን በተመለከተ፥ የታማሚ ፊት ያለ ፈቃዱ አይነሣ። ራቁቱን ያለ ሕፃን ፎቶ በቤተ ክርስቲያን ስክሪን ላይ ሲታይ፥ "የኔ ልጅ ቢሆንስ?" ብለው ይጠይቁ።

ከተመለሱ በኋላ

የመጨረሻውን ቀን ለሕክምና አይጠቀሙበት። ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተቀምጠው ያያችሁትን ሰው ሁሉ መዝገብ ያስረክቡ፤ ክትትል የሚያስፈልጋቸው በሌላ ወረቀት፥ ከነቀበሌያቸውና ከነስልካቸው ይጻፉ። ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸው ካሉ ስፌቱን ማን እንደሚፈታ በስም ይታወቅ። ወደ ሆስፒታል ሪፈር የተባሉት የመጓጓዣና የሕክምና ወጪያቸው የሚሸፈንበት ገንዘብ ከጠቅላላው በጀት አስቀድሞ ይቀመጥ፤ እኛ ከአምስት እጅ አንዱን ለዚህ እንይዛለን።

ከቡድኑ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ወር፥ በሦስት ወርና በስድስት ወር ወደ ጤና ጣቢያው እንዲደውል ይመድቡ። የሚጠይቀው አጭር ነው፦ በወረቀቱ ላይ ካሉት ማን መጣ፥ ማን ቀረ? በሁለተኛው ጉዟችን ካስመዘገብናቸው የግፊት ሕመምተኞች ውስጥ በሦስተኛው ወር የቀሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠይቃቸዋለች። አንዱ አዛውንት መድኃኒቱ ያላለቀባቸው በሁለት ቀን አንዴ እየቆጠቡ ስለ ወሰዱት ነበር። ያቺ ደብዳቢት የማትመስል አጭር ስልክ ባትኖር ይህን አናውቅም ነበር። አሁን በየቀኑ አንድ እየወሰዱ ነው፤ ስልኩንም የምትደውለው ከቡድናችን ታናሽ የሆነችው የፋርማሲ ተማሪ ናት።